ሳጥኑ ሲጠብ የሚቆረጠው ማን ነው? ከመንዝ ብራና እስከ ኮምፒውተር መስኮት

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ስማቸው በ«መንዝ» የሚጀምር አራት ወረዳዎች አሉ፦ መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ጌራ ምድር እና መንዝ ቀያ ገብርኤል። እነዚህን አራት ስሞች በኤክሴል ሠንጠረዥ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ጻፏቸው። ከጎኑ ያለው ዓምድ በቁጥር የተሞላ ይሁን። ስክሪኑ ላይ የሚታየው መንዝ፣ መንዝ፣ መንዝ፣ መንዝ ነው። ከፋይሉ የጠፋ አንድም ፊደል የለም። ታትሞ የሚወጣው ግን የታየው ብቻ ነው፤ ማኅተም የሚያርፈውም በታተመው ላይ ነው።

ዞኑንም ጨምሩበት። «ሰሜን ሸዋ» የሚባል ዞን በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም አለ። የአንዱ ከተማ ደብረ ብርሃን፣ የሌላው ፍቼ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ከኋላ የሚጻፈው የክልሉ ስም ነው፤ ሳጥን ሲጠብ ደግሞ ቀድሞ የሚወድቀው የኋላው ነው።

ነገሩ ተራ የቢሮ ጣጣ ይመስላል። ከጀርባው ግን ረጅም የታሪክ ጥያቄ አለ፦ ጽሑፍና የሚቀመጥበት ቦታ አልመጣጠን ሲሉ ማን ለማን ይሸሻል? ቦታው ለጽሑፉ ወይስ ጽሑፉ ለቦታው? ለዚህ ጥያቄ የብራና ጸሐፊዎች፣ የታይፕራይተር ሠሪዎችና የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች በየዘመናቸው የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። የሚገርመው ከሦስቱ ለጽሑፉ ይበልጥ የራሩት የመጀመሪያዎቹ መሆናቸው ነው።

፩. ብራና ላይ የነበረው ድርድር

ብራና የሚያዘጋጅ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በመጻፍ አይደለም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል። ከዚያ በልክ ተቆርጦ ይታጠፋል። ቀጥሎ ጠርዝ ጠርዙ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ያለ ቀለም፣ በወስፌ ጫፍ ብቻ መስመር ይሰመራል። የኅዳጉ ስፋት፣ የዓምዱ ብዛት፣ በአንድ ገጽ የሚያርፈው መስመር ሁሉ አንዲት ፊደል ሳትጻፍ ተወስኗል። በዛሬ አነጋገር ቁም ጸሐፊው አስቀድሞ የሠራው አቃፊውን ነው።

ተራ ንባብ ሲሆን ችግር የለም። የግእዝ አጻጻፍ መስመር ሲሞላ ቃሉን በየትኛውም ፊደል መካከል ከፍሎ ቀሪውን ወደ ታች ያወርዳል፤ የመክፈያ ምልክት እንኳ አያስፈልገውም። ቃሉ የት እንዳለቀ ሁለት ነጥቡ ይናገራል። ስለዚህ ዓምዱ ጠበበም ሰፋም ጽሑፉ እንደ ውሃ ይሞላዋል።

ዳዊት ሲሆን ግን ሕጉ ይለወጣል። መዝሙረ ዳዊት በልማድ የሚጻፈው እያንዳንዱ ሐረግ በየራሱ መስመር ሆኖ ነው። መስመሩ ሞልቶ ሁለት ሦስት ፊደል ቢተርፍ ጸሐፊው ወደ ታች መውረድ አይችልም፤ እዚያ ሌላ ሐረግ ይጀምራልና። ስለዚህ ወይ ከወዲሁ ገምቶ ፊደሉን እያሳነሰና እያጠጋጋ ይሄዳል፣ ወይ የተረፉትን ፊደሎች በመስመሩ መጨረሻ፣ ከላይ ወይም ከታች ባገኘው ክፍት ቦታ ያሳርፋል። ገጹ ትንሽ ይዛነፋል። ቃሉ ግን አይጎድልም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላም ብልሃት አለ። መዝሙሩ፣ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ በአንድ ሰፊ ዓምድ ሲጻፉ፣ ከእነሱ ቀጥለው የሚመጡት ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን በሁለት ዓምድ ይጻፋሉ። ገጹ ያው ነው፤ አከፋፈሉ ግን ይዘቱን አይቶ ተለወጠ።

ይህን ሥርዓት ዛሬ እግር ሳያቀኑ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች የማይክሮፊልም ሥራ በአዲስ አበባና በሸዋ ገዳማትና አድባራት፣ የመንዝና የግሼ ደብሮችን ጨምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶ አነሳ። ቅጂው የተቀመጠው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ነው። የዝርዝር መዝገቡን ካዘጋጁት መካከል ዋናው የሸንኮራ ተወላጁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ለዚህ ሥራ ሰጥተው እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹን አሁን በኢንተርኔት መመልከት ይቻላል። በስልክ ስክሪን ላይ ሲታዩ ግን ብራናው አይሰፋም፤ ማጉላት ወይም ወደ ጎን መጎተት የአንባቢው ፈንታ ነው። ፎቶ ለመስኮት አይታዘዝም።

፪. ፊደልን ለማሽን ማሳነስ

ታይፕራይተር የመጣው ሌላ ሕግ ይዞ ነው። በእያንዳንዱ ምት ሠረገላው የሚራመደው እኩል ርቀት ነው። ስለዚህ ለማሽኑ ቀጭኗ «ነ»ም ሰፊዋ «ጨ»ም እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ክፍል ይሰጣቸዋል። ከዚህ የባሰው የቁልፎቹ ቁጥር ነው። አንድ ታይፕራይተር መያዝ የሚችለው ወደ ዘጠና የሚጠጋ ቅርጽ ነው። የአማርኛ ፊደል ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ እንኳ 33 በ7፣ ማለትም 231 ነው።

ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተርን በመፍጠር ስማቸው የሚነሣው ይህን አለመመጣጠን ስለተጋፈጡ ነው። መፍትሔው ፊደሉን በአካል መክፈል ሆነ፦ መሠረቱን አንዴ መምታት፣ ቅጥያውን ደግሞ ደርቦ መምታት። ቀለበቷና ክንፏ ከፊደሉ ጋር አልገጠም ብለው ጎን ለጎን የቆሙበትን የድሮ ደብዳቤ ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚከብደው። ማሽኑ ፊደሉን አልችል ሲል፣ በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ «እንግዲያው ፊደሉ ይሻሻል» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሞክሼዎቹን መቀነስ፣ ሰባቱን ዓይነቶች በአንድ መሠረትና በተለጣፊ ምልክት መተካት፣ የመሳሰሉት ዕቅዶች ቀርበው ብዙ አከራክረዋል። ዘመናዊ ለመሆን የሚል ቅን ሐሳብ ነበር። ተጨምቆ ሲታይ ግን የሚለው፣ ሳጥኑ አይሰፋምና ሰውየው ይጠር ነው። ዕቅዶቹ አልጸደቁም። ፊደሉ ሳይቆረጥ ቆየ፤ ማሽኑ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሙዚየም ገባ። ፊደል ለአንድ ዘመን ዕቃ ሲባል ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ሲያልፍ የተቆረጠው አይመለስም ነበር።

፫. የሚጠይቅ ልጅ፣ የሚያካፍል ወላጅ

ኮምፒውተር በመስኮት መሥራት ሲጀምር ጥያቄው እንደገና ከዜሮ ተነሣ። በመስኮቱ ላይ የሚታዩት ቁልፎች፣ የጽሑፍ ሳጥኖች፣ ዝርዝሮችና ስያሜዎች ዊጀት ይባላሉ። ሌሎችን በውስጣቸው የሚይዙት ደግሞ አቃፊ ዊጀቶች ናቸው። ቃሉ ለአማርኛ ተጠቃሚ ባዳ አይደለም፤ ፋይል የሚቀመጥበትን ቦታ አንዱ ተርጓሚ «አቃፊ»፣ ሌላው «ማህደር» ብሎታል። ማኅደር ደግሞ ቀድሞ የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ቤት ነው።

መስኮቱ ሲሰፋና ሲጠብ በውስጡ ያሉት ምን ይሁኑ? ሁለት መንገድ ነበር።

የመጀመሪያው መንገድ ቦታ ቆርጦ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ቤዚክ ፕሮግራም መሥራትን እንደ ሥዕል አቀለለው። ቁልፉን በመዳፊት ይዞ እዚህ ማስቀመጥ፣ ሳጥኑን እስከዚያ መዘርጋት ነው። ነገር ግን የተቀመጠው በቁጥር ተለክቶ ነው፦ ከግራ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል፣ ስፋቱ ይህን ያህል። መስኮቱ ቢሰፋ በቀኝና በታች ባዶ ሜዳ ይጨመራል እንጂ ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም። እንዲንቀሳቀስ የፈለገ ፕሮግራም ጸሐፊ ስሌቱን ራሱ መጻፍ ነበረበት። ሥራ የበዛበት ሰው አይጽፈውም።

ሁለተኛው መንገድ ድርድር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ የበርክሌይ ተማሪዎች ጂምፕ ለተባለው የሥዕል ፕሮግራማቸው የመስኮት ዕቃዎች ስብስብ ሠሩ። ያ ስብስብ ጂቲኬ ተብሎ ዛሬ ድረስ በሊነክስ ዓለም ያገለግላል። ሐሳቡ የእነሱ ብቻ አልነበረም። ዶናልድ ክኑት በ1970ዎቹ መጨረሻ በሠራው ቴክ በተባለው የኅትመት ፕሮግራም ገጹን በሳጥንና ሳጥኖቹን በሚያያይዝ፣ በሚለጠጥና በሚኮማተር ማጣበቂያ አስቦት ነበር። የጆን ኦስተርሃውት ቲኬም ዊጀቶችን እየደረደረ የሚያሽግ ዘዴ ነበረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጂቲኬ አንድ ዊጀት ስፋቱን ራሱ አይወስንም፤ የሚያስፈልገውን ለአቃፊው ይናገራል። «ከዚህ ካነሰ አልሠራም፤ ይህን ያህል ባገኝ ደግሞ ይመቸኛል» ይላል። አቃፊው የልጆቹን ጥያቄ ደምሮ ከእሱ በላይ ላለው አቃፊ ያቀርባል፤ እንዲህ እያለ እስከ መስኮቱ ይወጣል። ከዚያ የተገኘው ቦታ ከላይ ወደ ታች ይከፋፈላል። የርስት ክፍፍል የሚያውቅ የመንዝ ሰው ይህ አያስቸግረውም፦ ጥያቄ ከልጆች ይወጣል፣ ድርሻ ከላይ ይወርዳል። ልዩነቱ መሬት አይለጠጥም፤ መስኮት ግን ይለጠጣል።

ተጠቃሚው የመስኮቱን ጥግ ይዞ ሲጎትት ትርፍ ቦታ ይመጣል። ያ ትርፍ ለማን ነው? ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጥያቄ ይመለስለታል። አንደኛ፣ ከትርፉ ድርሻ ይኑረው ወይስ ባለበት ይርጋ? ሁለተኛ፣ ድርሻ ካገኘ ራሱ ይስፋና ይሙላው ወይስ በዙሪያው ባዶ ሆኖ ይቆይለት? አንድ ቅጽ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት መልሶች ነው። «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ መስኮቱ በሰፋ ቁጥር እንደ ሜዳ ቢንጣለል ያስቃል። የስም ሳጥኑ ግን መስፋት ነበረበት። በብዙ ቅጾች የሚታየው ተገላቢጦሽ ነው።

ጂቲኬ ራሱ በቁጥር ቆርጦ የሚያስቀምጥ አቃፊም አለው፤ ፊክስድ ይባላል። የሚገርመው የራሱ መመሪያ ተጠቃሚውን «ይህን ባትጠቀም ይሻላል» ብሎ ማስጠንቀቁ ነው። ምክንያቶቹንም ይዘረዝራል፦ ፎንት ሲለወጥ ልኩ ይለወጣል፤ ጽሑፉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ልኩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ጽሑፍ ይቆረጣል፣ ዊጀት በዊጀት ላይ ይደራረባል። የምንነጋገርበትን ችግር ሠሪዎቹ ራሳቸው አስቀድመው ጽፈውታል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጂቲኬ 3 አንድ ተጨማሪ እርምጃ ሄደ። ዊጀት «ስፋቴ ይህን ያህል ከሆነ ቁመቴ ስንት ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ቻለ። ቦታው ሲጠብ ረጅሙ ጽሑፍ ወደ ሁለተኛ መስመር ይታጠፋል፤ ሳጥኑም በዚያው ልክ ወደ ታች ያድጋል። ዓምዱ ሲጠብ ቀሪውን ወደ ታች የሚያወርደው ቁም ጸሐፊ ያደርገው የነበረውን መሆኑ ነው።

፬. አማርኛ ወደ መስኮቱ ሲገባ

አማርኛ ኮምፒውተር ላይ የወጣው መጀመሪያ በጓሮ በር ነው። የቆዩት ፎንቶች 256 ቦታ ብቻ በነበረው የላቲን ሠንጠረዥ ላይ የግእዝ ፊደል ያሰፍሩ ነበር። ፊደሉ ከቦታው ስለሚበልጥ አንዳንዶቹ በሁለት ፎንት ከፍለውታል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ደብዳቤው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሲሰጥ ይህ ታሪክ ማለቅ ጀመረ። የጂቲኬ ሁለተኛው ትውልድም «ኢዚ ፕላስ» በሚል ስም የአማርኛ፣ የኢትዮጵያ ትግርኛና የኤርትራ ትግርኛ ማስገቢያ ይዞ ነበር። ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለውን ፎንት አወጣ።

ፊደሉ ቤት አገኘ። ሳጥኖቹ ግን በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተለኩ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዛሬም እንደዚያው ናቸው።

ብዙዎች ችግሩ የቃል ርዝመት ብቻ ይመስላቸዋል። የአማርኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ስለሚይዝ በቁጥር እንዲያውም ሊያንስ ይችላል። የሚበልጠው በስፋት ነው፤ ደግሞም ትንሽና ትልቅ ፊደል ስለሌለው ሁሉም ቁመቱን ሞልቶ ይቆማል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከታች የሚመጣው ቅርጫ ነው። ለላቲን ፎንት በተለካ ሳጥን ውስጥ ቁመቱ የሚበልጥ የግእዝ ፎንት ሲገባ የፊደሉ እግር ይቆረጣል። በእንግሊዝኛ የአንዲት ፊደል ጭራ ብትቆረጥ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ይነበባል። በግእዝ ፊደል እግሩ ላይ ያለው አናባቢው ነው።

የአካባቢውን ስሞች ብቻ እንይ። «መርሐ ቤቴ» የሚለውን ስም የሚያስነብቡት በ«ቤ» እና በ«ቴ» እግር ላይ ያሉት ሁለት ቀለበቶች ናቸው። እነሱ ሲቆረጡ «መርሐ በተ» ይሆናል። «ግሼ» ቀለበቱን ሲያጣ «ግሸ» ነው። «ጌራ» «ገራ» ይሆናል። የ«ማማ»ም ልዩነት ወደ ታች የወረደው እግር ነው። በስክሪን ላይ ሁለት ነጠብጣብ ያህል ጠባብ ቦታ የአገር ስም ይለውጣል።

ፕሮግራሞች ለረጅም ጽሑፍ ያላቸው ሌላ ዘዴ በሦስት ነጥብ ማሳጠር ነው። የጂቲኬ ጽሑፍ አሰላፊ የሆነው ፓንጎ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉ ወይም ከመጨረሻው ማሳጠር ይችላል። በብዙ ቦታ የሚመረጠው ከመጨረሻው ማሳጠር ነው፤ ለ«መንዝ» ወረዳዎች ደግሞ ከሦስቱ እጅግ የከፋው እሱ ነው። መለያው ያለው በስተኋላ ነውና።

፭. ስድስት ቃል በሦስት ሳጥን

ከወረዳ ስም ይልቅ የሚያመው የሰው ስም ነው። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ከመንዝ የወጣ ነው፤ መነሻው ነጋሲ ክርስቶስ ናቸው። ከዚያ ሐረግ አንዱን ንጉሥ በዛሬ ቅጽ እንመዝግብ። የራስ ስም፦ ሣህለ ሥላሴ። የአባት ስም፦ ወሰን ሰገድ። የአያት ስም፦ አስፋ ወሰን። ሦስት ሰው፣ ስድስት ቃል። ቅጹ በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ቃል ብቻ የሚቀበል ከሆነ ንጉሡ «ሣህለ» ተብለው አባታቸው «ሥላሴ» ይሆናሉ፤ ወሰን ሰገድ በግማሽ ወደ አያትነት ይገፋሉ፤ አያት አስፋ ወሰን ጭራሽ ይጠፋሉ።

ይህ ለቀልድ የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም። ወልደ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ መለኮት የሚባሉ ሰዎች ሁሉ በር ላይ የሚጠብቃቸው ይኸው ነው። «ወልደ» ብቻውን ስም አይደለም፤ የማን እንደሆነ ያልተነገረለት «ልጅ» ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። መልአኩ ያወጣውን ግን አንድ ጠባብ ሳጥን ለሁለት ይከፍለዋል። ከዚያ በኋላ በአንዱ ወረቀት «ወልደጊዮርጊስ»፣ በሌላው «ወልደ ጊዮርጊስ»፣ በሦስተኛው «ወልደ» ብቻ የተባለ ሰው ሦስቱም እኔ ነኝ ብሎ ማስረዳት የራሱ ዕዳ ይሆናል። ሳጥኑን የለካው ሰው አይጠየቅም። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ድረስ የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ነው።

ይህ ሁሉ የቴክኖሎጂ እጥረት ውጤት ቢሆን ኖሮ መታገሥ ይቻል ነበር። የሚለጠጥ አቃፊ ከተሠራ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዋጋ የለውም፤ ጂቲኬም ሌሎቹም በነፃ ይገኛሉ። የድረ ገጽ ቅጾችም ዛሬ ሳይቆርጡ ማጠፍ ይችላሉ። እንግዲህ የቀረው የልማድ ጉዳይ ነው። ቅጽ የሚሠራ ሰው በ«አበበ» እና በ«ቦሌ» ሞክሮ «ይሠራል» ይላል፤ ያዘዘው መሥሪያ ቤትም በዚያው ይረከባል።

መድኃኒቱም ቀላል ነው። ሶፍትዌር የሚያዝ መሥሪያ ቤት ከመረከቡ በፊት አራት ነገር ይሞክር። የራስ ስም «ሣህለ ሥላሴ»፣ የአባት «ወሰን ሰገድ»፣ የአያት «አስፋ ወሰን» ብሎ ይመዝግብና ሦስቱ ሰዎች በየሳጥናቸው መቅረታቸውን ይይ። ወረዳውን «መንዝ ቀያ ገብርኤል»፣ ዞኑን ከነክልሉ ያስገባና መስኮቱን አጥብቦ፣ ታብሌትና ስልክ ላይም ከፍቶ ይመልከት። ፎንቱን አንድ ደረጃ አሳድጎ የ«መርሐ ቤቴ» ቀለበቶች መኖራቸውን ያረጋግጥ። በመጨረሻም ያትመውና ወረቀቱን ከስክሪኑ ጋር ያስተያይ። አንድ ከሰዓት በኋላ አይፈጅም። ካላለፈ አይረከብ፤ ክፍያም አይፈጸም።

ወስፌ እንጂ ኮምፒውተር ያልነበረው ቁም ጸሐፊ መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን አልቆረጠም። የተረፈውን ፊደል ከላይ ወይም ከታች አስፍሮ ገጹ ውበቱን በጥቂቱ እንዲያጣ ፈቀደ። ዛሬ ያንን ምርጫ ማድረግ ያለበት በየወረዳው መስኮት ላይ የተቀመጠው መዝጋቢ አይደለም፤ እሱ በእጁ ያለውን ሳጥን ነው የሚሞላው። ምርጫው የሚደረገው ቀድሞ ነው፤ ውል ሲፈረምና ቅጹ ሲጸድቅ።